ትንሹ ሞተር ለምን ይንቀጠቀጣል?

ጥጥ በሚፈተልበት ቤት ያደገ ሰው እንዝርትን ያውቃል። እንዝርቷ ደኅና አድርጋ ስትሾር ቀጥ ብላ የቆመች እንጂ የምትዞር አትመስልም። የተሰካባት ክብ ግን ቀዳዳው ከመካከሉ ጥቂት ያፈነገጠ እንደ ሆነ ትወዛወዛለች፤ ክሩም አንድ ጊዜ ይወፍራል፥ አንድ ጊዜ ይቀጥናል፥ በመጨረሻም ይበጠሳል። ፈታይቱ በዚህ ጊዜ ስለ ሚዛን ሕግ የተጻፈ መጽሐፍ አትገልጥም። ክቡን ከከበደበት በኩል ትፍቀዋለች፥ ወይም ጥላ ሌላ ትሰካለች።

ዛሬ ለአንባብያን የምናቀርበው ነገር ከዚች እንዝርት ብዙ የራቀ አይደለም። የምንነጋገረው ስለ ሞተር ነው፤ ያውም ስለ ትልቁ የመኪና ወይም የመርከብ ሞተር ሳይሆን በእጅ መዳፍ ላይ ስለሚቀመጠው ስለ ትንሹ ነው።

በእንግሊዝ አገር ትልልቅ ሞተሮችን በመጠን አሳንሰው፥ እያንዳንዱን ክፍል በገዛ እጃቸው በቶርኖ እየቀረጹ የሚሠሩ ሰዎች ከብዙ ዘመን ጀምሮ አሉ። ፐርሲቫል ማርሻል የተባለው ሰው ለእነዚሁ ሠራተኞች «ሞዴል ኢንጂነር» የተሰኘውን መጽሔት የመሠረተው በ1898 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በዚሁ መጽሔት ለብዙ ዓመታት የጻፈው ኤድጋር ዌስትበሪ በቤት ውስጥ ሊሠሩ የሚችሉ አያሌ የቤንዚን ሞተሮችን ነድፏል። ከእነርሱም አንዱ «ሲል» የሚባለው ባለ አራት ሲሊንደር ሲሆን፥ አራቱም ሲሊንደሮች በአንድነት የሚይዙት 15 ሲሲ፥ ማለት አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ነው። በአሜሪካም በ1934 ገበያ ላይ የዋለው «ብራውን ጁኒየር» የተባለ 10 ሲሲ ያህል የሚይዝ ሞተር ለሚበርሩ ትንንሽ አውሮፕላኖች ተሠርቶ ነበር።

እነዚህን ሞተሮች የሚሠራ ሰው ምንጊዜም የማያመልጠው አንድ ቀን አለ። የብዙ ወራት ድካሙ አልቆ ሞተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ይነሣል። ሠሪው ፈገግ ይላል። ጥቂት ደቂቃ ሳይቈይ ግን ቡሎኖቹ መላላት ይጀምራሉ፤ ቤንዚኑ በማጠራቀሚያው ውስጥ አረፋ ይደፍቃል፤ ጠረጴዛው ያንጐራጕራል፤ ሞተሩ የታሰረበት ጣውላም ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ ሰውዬው ራሱን ይጠይቃል፦ «ይህን የምታህል ትንሽ ነገር ያን ያህል ጉልበት ከየት አመጣች?»

፳ ግራም እንደ ፳፪ ኪሎ

መልሱ በፒስተኑ አካሄድ ላይ ነው። በሲሊንደር ውስጥ ያለው ፒስተን ወደ ላይ ይወጣል፥ ጫፍ ሲደርስ ይቆማል፥ ተመልሶ ይወርዳል፥ ከታች ሲደርስም እንደ ገና ይቆማል። ይህን የላይና የታች ምልልስ ወደ ዙር የሚለውጠው ክራንክሻፍት የሚባለው የተጣመመ ዘንግ ነው። ፒስተኑንና ዘንጉንም የሚያገናኛቸው ቢዬላ የተባለው ክንድ ነው።

እንግዲህ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ፒስተኑ፥ ፒኑና ከፒስተኑ ጋር የሚመላለሰው የቢዬላው ክፍል በአንድነት 20 ግራም ይመዝኑ። ምልልሱም 25 ሚሊሜትር ይሁን። ሞተሩ በደቂቃ 9,000 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 150 ዙር ማለት ነው፤ ፒስተኑም በአንዲት ሰከንድ ውስጥ 300 ጊዜ ይቆማል፥ 300 ጊዜም ይነሣል። ሩጫ ላይ ያለን ፈረስ በድንገት ገትቶ መመለስ ምን ያህል ልጓም እንደሚፈልግ የሚያውቅ ሰው፥ ይህን ፒስተን ገትቶ ለመመለስ ምን ያህል ኃይል እንደሚያስፈልግ ለመገመት አይቸገርም። በስሌት ሲታይ ከ22 ኪሎ በላይ ነው። የ20 ግራም ብረት፥ ከራሱ ክብደት ከአንድ ሺህ እጥፍ በላይ አድርጎ ሞተሩን አንድ ጊዜ ወደ ላይ አንድ ጊዜ ወደ ታች ይጐትታል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። የሞተሩ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉተታው እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። በቀስታ ሲሄድ ጨዋ የነበረው ሞተር ቤንዚን ሲጨመርለት በድንገት የሚከፋው ስለዚህ ነው።

ሲያንስ የማያንሰው ነገር

ብዙ ሰዎች ነገር በመጠኑ ሲያንስ ችግሩም አብሮ የሚያንስ ይመስላቸዋል። በዚህ ሥራ ግን እንዲህ አይደለም።

ያን የ25 ሚሊሜትር ሞተር ምልልሱ 100 ሚሊሜትር ከሆነ ትልቅ ሞተር በአራት እጅ አሳንሰን የሠራነው ነው እንበል። ርዝመቱም፥ ወርዱም፥ ቁመቱም እያንዳንዱ በአራት ሲቀንስ ክብደቱ በ64 ይቀንሳል፤ አራት ጊዜ አራት ጊዜ አራት 64 ነውና። የትልቁ ፒስተን 1,280 ግራም በትንሹ 20 ግራም የሆነው እንዲህ ነው። ትልቁ በደቂቃ 2,250 ዙር የሚሄድ ከሆነ፥ በትንሹ ውስጥ ያለው ፒስተን ከእርሱ ጋር እኩል እንዲገሠግሥ 9,000 ዙር መሄድ አለበት። በዚህ ፍጥነት የትልቁ ጉተታ 362 ኪሎ ያህል ሲሆን የትንሹ 22 ኪሎ ተኩል ያህል ነው፤ ማለት አንድ ዐሥራ ስድስተኛ።

ነገር ግን የትንሹ ክራንክሻፍት ውፍረትስ? ወርዱ በአራት፥ ቁመቱም በአራት ቀንሷልና፥ ጭነቱን የሚሸከመው የብረት ስፋትም አንድ ዐሥራ ስድስተኛ ሆኗል። ስለዚህ በእያንዳንዷ ካሬ ሚሊሜትር ብረት ላይ የሚያርፈው ጫና በትልቁም በትንሹም አንድ ነው። ብረቱ የጌታውን ትንሽነት አያውቅም።

በስሕተት በኩል ያለው ሂሳብ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። በትልቁ ሞተር ላይ አንድ ግራም የተሳሳተ ሠራተኛ ምንም አላጠፋ ይሆናል። በትንሹ ላይ ግን ይኸው ስሕተት የሚመጣጠነው ከአንድ ግራም አንድ ስድሳ አራተኛ ጋር ነው፤ ይህም 16 ሚሊግራም፥ አምሳ ያህል የጤፍ ቅንጣት ቢመዘን ነው። ሞረዱን አንድ ጊዜ ሳብ ቢያደርጉት ከዚህ የሚበልጥ ብረት ሊሄድ ይችላል። እንግዲህ ትንሹን ሞተር የሚሠራ ሰው ከትልቁ ሠሪ ያነሰ ሳይሆን የበለጠ ጥንቃቄ ይፈለግበታል።

ግማሹን ብቻ

ጉተታውን ለመቋቋም የመጀመሪያው ብልሃት በክራንክሻፍቱ ላይ፥ ፒስተኑ ካለበት በተቃራኒ በኩል፥ ማመጣጠኛ ክብደት ማድረግ ነው። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲጐትት ክብደቱ ወደ ታች ይጐትታል፤ ነገሩም አለቀ የሚያሰኝ ነው።

አላለቀም። ፒስተኑ የሚሄደው ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ሲሆን ማመጣጠኛው ክብደት ግን ይዞራል። ዘንጉ ሩብ ዙር ሲሄድ ክብደቱ ወደ ጎን ይሆናል፤ በዚያ በኩል ግን የሚቋቋመው ፒስተን የለም። ስለዚህ የፒስተኑን ጉተታ በሙሉ በክብደት ያካካስን እንደ ሆነ፥ ሞተሩ ወደ ላይና ወደ ታች መዝለሉን ትቶ በዚያው ኃይል ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወረወራል። ጠላትን በፊት በር አስወጥቶ በጓሮ እንደ ማስገባት ነው።

ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር የሚሠሩ ሰዎች ስለዚህ ብዙውን ጊዜ የሚመርጡት ግማሹን ማካካስ ነው። ያን ጊዜ በምሳሌያችን ከ22 ኪሎ ተኩሉ 11 ኪሎ ያህል ይቀራል፤ ይህም በአንድ አቅጣጫ መደብደቡን ትቶ ከዘንጉ በተቃራኒ እየዞረ ለሁሉም በኩል እኩል ይዳረሳል። ጉተታው አልጠፋም፤ ተከፋፈለ እንጂ። በአንድ ክብደት ብቻ ከዚህ የተሻለ ነገር ማግኘት አይቻልም። ይህንን ያላወቀ ሠራተኛ ፍጹም ጸጥታን ፍለጋ ክብደት ሲጨምርና ሲቀንስ ዕድሜውን ይፈጃል።

አሠራሩ ቀላል ስለ ሆነ ማንኛውም የቴክኒክ ተማሪ ሊሞክረው ይችላል። በመጀመሪያ ቢዬላው በአግድሙ ተይዞ ትልቁ ጫፉ ድጋፍ ላይ፥ ትንሹ ጫፉ ሚዛን ላይ ሆኖ ይመዘናል፤ ከዚያም ተገልብጦ ትልቁ ጫፍ ይመዘናል። የትንሹ ጫፍ ክብደት ከፒስተኑ ጋር ይደመራል፤ የትልቁ ጫፍ ክብደት ደግሞ ከዘንጉ ጋር የሚዞር ስለ ሆነ ሙሉ በሙሉ መካካስ አለበት። የሚመላለሰው 20 ግራም፥ የሚዞረው 8 ግራም ቢሆን፥ የ20ው ግማሽ 10 ከ8 ጋር ተደምሮ 18 ግራም ይሆናል። ይህ 18 ግራም ቢዬላው በሚያዝበት በክራንክሻፍቱ ፒን ላይ ይንጠለጠላል። ዘንጉም ውኃ ልኩን በጠበቁ ሁለት ስለታም የብረት ጠርዞች ላይ ይጋደማል። ከባዱ ወገን ወደ ታች ይዞራል፤ ከዚያ በኩል በመሰርሰሪያ ጥቂት ጥቂት ይቀነሳል። በማንኛውም አኳኋን ቢያቆሙት ባለበት ጸጥ ብሎ የሚቀር ሲሆን ሥራው ተፈጸመ።

አራቱ ሩቦች

አራት ሲሊንደር ያለው ሞተርስ? በእርሱ ሁለቱ ፒስተኖች ሲወጡ ሁለቱ ይወርዳሉ፤ ጉተታቸውም እርስ በርሱ ይጣፋል። ነገሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሙሉ እውነት አይደለም።

ቢዬላው በመዞር ላይ እያለ ወደ ጎን ስለሚያዘነብል ፒስተኑ በላይኛው ጫፍ ያለው ፍጥጫ በታችኛው ካለው ይበልጣል። ከዚህ ልዩነት የተነሣ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ የሚመላለስ ሌላ ትንሽ ጉተታ ይፈጠራል። ቢዬላው ከክራንኩ ክንድ አራት እጅ የሚረዝም ሲሆን ይህ ሁለተኛው ጉተታ የመጀመሪያው ሩብ ያህል ነው። በአራቱ ሲሊንደር ሞተር የመጀመሪያዎቹ ጉተታዎች ሲጣፉ እነዚህ ሩቦች ግን አይጣፉም፤ በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ወገን ይደመራሉ። አራት ሩብ አንድ ሙሉ ነው። እያንዳንዱ ሲሊንደር እንደ ምሳሌያችን ያለ ቢሆን፥ ሞተሩ በሰከንድ 300 ጊዜ እየተመላለሰ የ22 ኪሎ ጉተታ ያሳርፋል።

ለዚህ መድኃኒት ያገኘለት እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ላንቸስተር ነው። ከ1868 እስከ 1946 የኖረው ይህ ሰው፥ ከክራንክሻፍቱ እጥፍ ፍጥነት የሚዞሩ፥ አንዱ ወደ ቀኝ አንዱ ወደ ግራ የሚሄዱ፥ በአንድ ወገን የከበዱ ሁለት ዘንጎችን ማስገባት እንደሚቻል አሳየ። የሁለቱ ክብደቶች ወደ ጎን ሲሆኑ ይጣፋሉ፤ ወደ ላይና ወደ ታች ሲሆኑ ይደመሩና ያንን የአራት ሩብ ጉተታ ይመልሳሉ። በ1970ዎቹ ዓመታት የጃፓኑ ሚትሱቢሺ ይህንኑ አሳብ አሻሽሎ በመኪኖቹ ላይ አዋለው፤ የጀርመኑ ፖርሽም 944 ለተባለው መኪናው ከሚትሱቢሺ ፈቃድ አግኝቶ ተጠቀመበት።

የማይታየው መጠማዘዝ

እስካሁን የተናገርነው ሞተሩ ሁለንተናውን ስለሚንቀጠቀጥበት ነገር ነው፤ ይህን ዓይን ያየዋል፥ እጅም ይዳስሰዋል። ከዚህ ይልቅ የሚያስፈራው ግን ከውጭ የማይታየው፥ ክራንክሻፍቱ በውስጥ እንደ እርጥብ ልብስ የሚጠማዘዝበት ንዝረት ነው።

ብረት ምንም ቢወፍር እንደ ክራር ጅማት የራሱ ቃና አለው። የክራንክሻፍቱ ጫፍና ጫፍ ተጠማዝዞ ሲለቀቅ በሰከንድ የተወሰነ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይላል። በሲሊንደር ውስጥ ያለው እሳት የሚመታበት ጊዜ ከዚህ ቃና ጋር የገጠመ እንደ ሆነ፥ ዥዋዥዌ ላይ ያለን ልጅ በየመልሱ እየገፉ ከፍ እንደሚያደርጉት ሁሉ፥ መጠማዘዙም በየምቱ ይጨምራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለው ትንንሹ ግፊት ተባብሮ ወፍራሙን ዘንግ ይሰብራል።

ይህ ነገር ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ በግንቦት ወር 1929 ታይቷል። ርዝመቱ 236 ሜትር የሆነው «ግራፍ ዜፔሊን» የተባለው የጀርመን የአየር መርከብ በሁጎ ኤከነር አዛዥነት መንገደኞችን ይዞ ወደ አሜሪካ ተነሣ። አምስት የማይባኽ ሞተሮች ነበሩት። በጉዞ ላይ ሳለ ግን ሞተሮቹ አንድ በአንድ ቆሙ፤ ከአምስቱ አራቱ ከሥራ ውጭ ሆኑ። ያ ታላቅ መርከብ በደቡብ ፈረንሳይ ከኃይለኛ ነፋስ ጋር ሲታገል ከቈየ በኋላ በቱሎን አጠገብ ኩዬር በተባለው ሥፍራ በመከራ አረፈ። የሞተ ሰው አልነበረም። ምርመራ ሲደረግ የተገኘው ጥፋት በመጠማዘዝ ንዝረት የተሰበረ ክራንክሻፍት ነበር። ሞተሮቹ ጉልበት አላነሳቸውም፤ ብረቱም መናኛ አልነበረም። የምቱ ጊዜና የዘንጉ ቃና ስለ ገጠሙ ብቻ እነዚያን ሁሉ ነፍሳት ለአደጋ አጋለጡ።

ንዝረትን ማብረድ

ለመጠማዘዙ መድኃኒት ያቀረበውም ያው ላንቸስተር ሲሆን ዘመኑ 1910 ነው። ብልሃቱ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። በክራንክሻፍቱ ጫፍ ላይ፥ በሣጥን ውስጥ፥ ከዘንጉ ጋር በቡሎን ያልታሰረ ከባድ ክብ ብረት ይቀመጣል። በመካከላቸው ያለው ሰበቃ ወይም ወፍራም ዘይት ብቻ ነው። ዘንጉ በደኅና ሲዞር ክቡ አብሮት ይዞራል። ዘንጉ ሲንቀጠቀጥ ግን ከባዱ ክብ በነበረበት አካሄድ ይጸናል፤ በመካከላቸው ያለው ዘይትም እየተፈተገ የንዝረቱን ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ግራ ቀኙ ሲንጫጫ ድምፁን የማያነሣ ሽማግሌ ሸንጎውን እንደሚያበርድ ያለ ነው።

ትንሹን ሞተር የሚሠራ ሰው ይህንንም አሳንሶ እሠራለሁ ቢል ሌላ ወጥመድ ይጠብቀዋል። የዘንጉ ቃና በአራት እጅ ባነሰው ሞተር በአራት እጅ ይፈጥናል፤ ሞተሩም በአራት እጅ ፈጥኖ ስለሚሄድ አደገኛው ፍጥነት በዚያው በቦታው ይገኛል። እስከዚህ ድረስ ትንሹ የትልቁ እውነተኛ መልክ ነው። ዘይቱ ግን አላነሰም። ከትልቁ የተቀዳ ያው ዘይት በትንሹ ማብረጃ ውስጥ ቢጨመር፥ ከሚገባው አራት እጅ ያህል አጥብቆ ይይዛል፤ ክቡም ከዘንጉ ጋር እንደ ተበየደ ሆኖ ምንም ሳያበርድ ይዞራል። ስለዚህ አራት እጅ የቀጠነ ዘይት መፈለግ አለበት። ብረትን በቶርኖ ማሳነስ ይቻላል፤ የዘይትን ጠባይ ግን ቶርኖ አይቀርጸውም።

ከሞተሩ ሥር የሚደረገውም ጎማ እንዲሁ ማስተዋል ይፈልጋል። ጎማው ላይ የተቀመጠው ሞተር በሰከንድ 50 ጊዜ የሚወዛወዝ ቢሆንና ሞተሩ በሰከንድ 150 ዙር ቢሄድ፥ ወደ ጠረጴዛው የሚያልፈው ጉተታ አንድ ስምንተኛ ያህል ብቻ ነው። ይህ ትልቅ ትርፍ ነው። ነገር ግን ሞተሩ ተነሥቶ እስኪፈጥን ድረስ በደቂቃ 3,000 ዙር ላይ፥ ማለት በዚያው በ50ው ላይ፥ ማለፍ ግዴታው ነው፤ በዚያች ቅጽበት ጎማው ንዝረቱን ከማብረድ ይልቅ ያባብሰዋል። ስለዚህ ሠሪው በዚያ ፍጥነት ላይ ሳይዘገይ ቶሎ ያልፋል። ጎማውም ከፍጥነቱ ጋር ሳይመዛዘን በዘፈቀደ ሞተሩ በሚሠራበት ፍጥነት ላይ የሚገጥም ሆኖ ከተመረጠ፥ ከነጭራሹ ባይኖር ይሻል ነበር።

እንግዲህ በገጠር ከተማ ወፍጮ ቤት አጠገብ ስናልፍ ባለ አንድ ሲሊንደሩ ሞተር ዱክ ዱክ ሲል፥ ግድግዳውም አብሮ ሲርድ እንሰማለን። ሞተሩ የተተከለበት ከባድ የሲሚንቶ መሠረትና በጎኑ የሚዞረው ቮላኖ እንዲያው ለጌጥ የተሠሩ አይደሉም። ቮላኖው የዙሩን ውጣ ውረድ ያስተካክላል፤ መሠረቱም ማመጣጠኛው ክብደት ያላጠፋውን ያን ቀሪ ጉተታ ይቀበላል። ወፍጮው ለዓመታት የሚፈጨው የሚቀረውን ጉተታ አስቀድሞ አስልቶ ማረፊያ ያዘጋጀለት ሰው ስለ ነበረ ነው።

የ«ግራፍ ዜፔሊን» ሰዎችም ከግንቦቱ መከራ በኋላ ሞተሮቹን አስተካክለው፥ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ያችኑ መርከብ ይዘው ከአሜሪካ ሌክኸርስት ተነሥተው በ21 ቀን ዓለምን ዞሩ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ትንሽ ሞተር በጠረጴዛው ላይ አስሮ ለማስነሣት የተዘጋጀ ወጣትም ገመዱን ከመሳቡ በፊት ዘንጉን በሁለቱ ስለታም ጠርዞች ላይ አጋድሞ ይመልከተው፤ ወደ አንድ ወገን የሚዞር ከሆነ ሥራው ገና አላለቀም።